ጤና አዳም የነካው ጉንጭ

ከሠርጌ ሦስት ሳምንት በፊት ፊቴን ለመብራት ሰጠሁ። ለምኜ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የባለቤቴ እህት ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምታወራው።

እሷ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ተልካ ስትመለስ በብርሃኑ ብጉር የሚያደርቅ አንድ መብራት ይዛ መጣች። ናዝሬት፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ተከለችው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሚስት ሳትቀር ትመላለስ ነበር። የባለቤቴ እህት እኔም እንድመጣ ላከችብኝ፤ ከምንኖርበት ከዓለም ጤና ከተማ በጭነት መኪና ሄድኩ። ያን ጠዋት እናቴ፣ ወደ ሌላ አገር ስወጣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፋ በመዳፏ አሸችና ጉንጮቼን በእርጥብ ጣቶቿ ቀባችኝ።

"ሙሽራ ነሽ፤ የሰው ዓይን ይበዛብሻል" አለችኝ።

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ከእኔ በፊት የገባችው ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ሰላምታዬን ሳትመልስ ወጣች። ያኔ መመለስ ነበረብኝ።

"ነይ እንጂ ሙሽሪት! ወንድሜ ብጉር አላገባም ብሏል" ብላ ሳቀች የባለቤቴ እህት።

"አያቃጥልም?"

"የሽንኩርት ማሳ ፀሐይ ያላቃጠለሽ ይሄ ሊያቃጥልሽ? ተኚ ባክሽ።"

ለራሷ ጥቁር መነጽር አደረገች። ለእኔ የታጠፈ ፎጣ ዓይኔ ላይ ጣለችልኝ። ፊቴን ታጠቢ አላለችኝም። ምን እንደተቀባሁ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቀችኝም። መብራቱ ሲበራ ክፍሉ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ። ምንም አላመመኝም። ያ ነው ያታለለኝ።

በሁለተኛው ቀን ጉንጮቼ ውሃ ቋጠሩ። ሲፈርጥ ጥቁር ሰንበር ተወ፤ በግራ አራት፣ በቀኝ ሦስት። ማንም ሲያየው የጣት ምልክት መሆኑን ያውቃል። የእናቴ ጣቶች።

የባለቤቴ እህት መጥታ አየችኝና ወደ እናቴ ዞረች። "እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ቅጠል እንጂ የእኔ መብራት አይደለም።"

እናቴ ወደ ጓሮ ወጥታ ጤና አዳሙን ከነሥሩ ነቀለችው። እኔ ተሸፋፍኜ ተዳርኩ። ከሠርጌ ፎቶግራፎች አንድም ቤቴ የለም።

በዓመቱ የባለቤቴ እህት ቤት ስትቀይር ዕቃ በመሸከፍ ሳግዛት የመብራቱን የአጠቃቀም ወረቀት አንድ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው፤ ሥዕሉ ግን ለማንም ይገባል። አንዲት ሴት ፊቷን በሳሙና ትታጠባለች። ቀጥሎ መብራቱ ክንዷ ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ተሞክሮ አንድ ቀን ይጠበቃል። ቀጥሎ የተኛችውም መብራቱን የምታበራውም ሴት መነጽር አድርገዋል። ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ በማውቀው የእሷ እጅ ጽሕፈት፣ ከሠርጌ በፊት ካለ ቀን ጋር፣ እንዲህ ይላል፦ "ቅጠል ወይም ቅባት የነካው ፊት ይቃጠላል። አስቀድሞ ይጠየቅ።"

ታውቅ ነበር።

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቦታው መለስኩት። ለትዳሬ ፈራሁ። ለእናቴም አልነገርኳት፤ ብነግራት ዝም አትልም ብዬ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር፣ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ሳትታጠብ ጉንጬን አልነካችም።