ለናሙና የተጠረገ ምንጭ

እህቴ ያገባችው ከቦኖሻ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። በርበሬው ላይ የተባይ መድኃኒት በሚረጭበት ሰሞን ደውላ የምንጩ ውሃ ይሸታል አለችኝ። ነፍሰ ጡር ነበረች። አምና በዚሁ ወቅት አስወርዷት ስለነበር ፈርታለች። ባሏ ከከተማው ቧንቧ በአህያ ውሃ ያስመጣላት ጀመር።

እኔ ሆሳዕና ያለሁ የውሃ ጥራት ባለሙያ ነኝ፤ የውሃውን ድፍርስነትና ክሎሪን ለክቼ እፈርማለሁ። የተባይ መድኃኒት ግን በእኛ መሣሪያ አይታይም። ናሙናው በቡናማ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በበረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ለአለቃዬ ነገርኩት። መኪና ያለበት ሥራ ነፍሱ ስለሆነ ራሴ እሄዳለሁ፣ አንተም ተከተለኝ አለ። ከዚያም ለቀበሌው ደውሎ፣ «ምንጩን ልናይ ነው፤ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁን» አላቸው።

እንግዳ ይመጣል የተባለ መንደር ምን ያደርጋል? ይጠርጋል። ሽማግሌዎቹ እንግዳ እስኪሄድ ማንም እንዳይረጭ፣ መርጫውንም ምንጩ ላይ እንዳያጥብ ከለከሉ። ደለሉን አውጥተው፣ ሣሩን አጭደው ጠበቁን። እነሱን አልወቅስም፤ እንግዳ ፊት ማፈር ሞታቸው ነው። አለቃዬን ግን ናቅኩት። ልፈትሽህ ነው ብሎ አስቀድሞ የሚደውል ፈታሽ ምን ይባላል? ናሙናውን ቀድቶ፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ፎቶ ተነሣ።

«በሚረጭበት ቀን ሳንናገር ብንመለስስ?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ መርዝ ካልተገኘ ደስ አይልህም» አለኝ።

ውጤቱ መጣ፤ ምንም የለበትም። ምን ሊኖርበት? አለቃዬ ሕዝብ ሰብስቦ ውሃችሁ ንጹሕ ነው አለ፤ ተጨበጨበለት። እሱም አንገቱን ደፍቶ እንደ ሙሽራ አፈረ። በዚያው ሳምንት መርጫዎቹ ወደ ምንጩ ተመለሱ።

እህቴን ልጠይቃት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ በብርጭቆ ውሃ ሰጠችኝ። አሸተትኩት።

«ጠጣ ጋሼ፣ የቧንቧ ነው። ለእንግዳ ያስቀመጥኩት።»

«አንቺስ?»

«ምንጩ ንጹሕ ነው ተባለ እኮ። አህያውም ቀረ። እናንተው አይደላችሁ ያላችሁ?»

ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ የምንጩ ውሃ ካለበት ጀሪካን በጣሳ ለራሷ ቀዳች። ጣሳውን ከእጇ ቀማኋት። መንደሩ ግን የሚያምነው አለቃዬን ነው።