በቀትር የጠፋው ገደል

ብትን ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ከብርሃን ጋር ሽርክና አለው። ሱቄ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ነው፤ ደጃፌ ላይ የዘረጋኋት ሸራ ቀይ የሆነችው ለጌጥ አይደለም። ከሥሯ የገባ ጨርቅ ሁሉ ሞቅ ይላል፤ የገረጣውም ወዝ ያወጣል። ብልጥ ደንበኛ ግን ጣቃውን ከእጄ ነጥቃ ወደ መንገዱ ትወጣለች። «ቀለሙን በቀትር ፀሐይ ነው የማየው» ትላለች። ይህን ስሰማ ኖሬ ኖሬ፣ እውነት በቀትር ብቻ ትታያለች ብዬ አመንኩ።

ካሜራዬን የገዛሁት ዓዲ ሓቂ ሰፈር ተከራይቶ ይኖር ከነበረ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ሁለታችንም ከመሀል አገር የመጣን ነን፤ እሱ ተመለሰ፣ እኔ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። ሲያስረክበኝ፣ «ብርሃኑን ጠብቅ» አለኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ የምጠብቀው ደንበኛ ነው። ብርሃንማ ሳይጠራም ይመጣል» አልኩት።

ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እሑድ ሱቅ ስዘጋ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጠብቄ ከከተማ እወጣለሁ። ገደል ሆነ ቁልቋል ሆነ ወፍ፣ ያገኘሁትን አነሳለሁ። ሚስቴ ፎቶዎቹን አየት አድርጋ፣ «ሁሉም ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ» ትላለች። እኔ ካሜራውን ጠረጠርኩ። ሻጩን መጠርጠር የሙያችን ወግ ነው።

ከዚያ አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ እኛ ዘንድ መጡ። ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ውለዋል። የተወለዱበት መንደር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከዓይናለም ወዲያ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግን መንገዱ ጤነኛውን ዳሌም ይፈትናል። ሐኪሙ በመኪና እንዳይሄዱ ከልክሏል። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከደጃቸው ፊት ለፊት ያለውን ገደል ማየት። መርሳትም ጀማምሯቸዋል፤ አንዳንዴ ሚስቴን በእህቷ ስም ይጠራሉ።

እሑድ ቀትር ላይ ከራሳቸው ደጅ ቆሜ ገደሉን አነሳሁ። በትልቁ አሳጥቤ አመጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ራቅ አደረጉት፤ አቀረቡት።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ የማን አገር ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ኣደይ፣ እናቴ። ከደጅዎ ፊት ለፊት።»

«የኔስ አይደለም! የኔ ቀይ ነው። ይሄ አመድ ነው። ደግሞ ሽማግሌው የት ሄደ?»

«የትኛው ሽማግሌ?» አለች ሚስቴ።

«ነጠላውን ተከናንቦ የሚቀመጠው ነዋ!»

ሚስቴ ቀስ ብላ ወጣች። ልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። «የተወለደችበትን ረሳች። ነገ እኔን ትረሳለች» አለችኝ። ከገመዱ ላይ የደረቀ ሻሽ አውርጄ እንባዋን እንድትጠርግ ሰጠኋት። ነጋዴ ቃል ሲያጣ ጨርቅ ያቀርባል።

በማግስቱ አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልታሰፋበት የወሰደችውን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

«ይሄ ያየሁት አይደለም! ለውጠህብኛል!»

አለመለወጤን አውቃለሁ። ሴትየዋም አላበደችም፤ ያየችው በቀይዋ ሸራ ሥር ነበር። ጨርቁን ከሸራዋ ሥር ወደ ፀሐይ አወጣሁት፤ ያው ጨርቅ ሌላ ቀለም ሆነ። አማቴ ትዝ አሉኝ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልታገሥኩም፤ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ገሠገሥኩ።

«ኣደይ፣ ያንን ገደል የሚያዩት ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ሰዓት የት ነበረኝ? ውኃ ልቀዳ ስወጣ ነዋ፣ ሲነጋጋ። ከዚያ ወዲያማ ሥራ ነው። ቀትር ላይ ቆሞ ገደል የሚያይ ሥራ ፈት ነው።»

ሥራ ፈቱ እኔ ነኝ አላልኩም።

በነጋታው ሳይነጋ ወጥቼ ደጃቸው ላይ ቆምኩ። ገደሉ ገና ደብዛዛ ነው፤ አመድ ያሉት አመድ። ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው። ከዚያ ብርሃኑ ከጎን መጣ። መጀመሪያ የገደሉን ከንፈር ብቻ ነካው፣ እንደ ጥለት ቀጭን። ወዲያው ጥለቱ ሰፋ፤ ወደ ታች ፈሰሰ፤ በነካው ቦታ ሁሉ ድንጋዩ ፍም ሆነ። በቀትር ልሙጥ ሆኖ ያየሁት ግድግዳ ተጣጠፈ፣ ጎደጎደ፣ ጥላ አወጣ። ከጥላው ውስጥ ትከሻ ወጣ። ጎንበስ ያለ አንገት። ከራስ እስከ ጉልበት የወረደ ነጠላ። የድንጋዩ ሽማግሌ እዚያው ነበሩ። ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ እኔ ግን እፊታቸው ቆሜ አላየኋቸውም። ቀለም እለያለሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቆቤን አወለቅሁ። ካሜራ መያዜን ያስታወስኩት ቀዩ መሳሳት ሲጀምር ነው፤ አንዴ ብቻ ለማንሳት ደረስኩ።

ፎቶውን ስሰጣቸው አማቴ አላራቁትም፣ አላቀረቡትም። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከመይ ሓዲርኩም፣ ኣቦይ» አሉ፤ ሽማግሌው ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ እየጠየቁ፣ ልክ ጎረቤት እንደሚጠየቅ።

ከዚያ ሚስቴን ጠሯት፤ በእህቷ ስም። አላረመቻቸውም። ከተማ ስላደገች ገደሉን በንጋት አታውቀውም፤ አልጋው ጎን ተንበረከከች።

«የታለ?»

እናቷ ጣቷን ይዘው በፎቶው ላይ መሯት። «እዚህ ትከሻው። እዚህ ነጠላው። ቸኩለሽ አትይ።»

ሚስቴ ጣቷን ከትከሻው ወደ ነጠላው በቀስታ መለሰች።

«እንዴ!» አለች በመጨረሻ። «ተቀምጧል!»