ወታደር ልሁን ስል አጎቴ ያሉኝ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ መካነ ሰላም ከተማ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ከታላቅ እህቴ ጋር ሳንጣላ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሷ ከሳዑዲ ወገቧን ታማ የተመለሰች ናት። ቢሆንም እኔም በዚያው መንገድ እንድሄድ ትፈልግ ነበር። የሰው ወለል ከምወለውል ወታደር ብሆን ይሻለኛል አልኳት።

"ልብሱን የለበስሽ ቀን እህት የለኝም" አለችኝ።

እናቴ የጀመረችውን እንጀራ መጋገር ቀጠለች። ከእህቴ ንግግር ይልቅ ይህ አናደደኝ።

አቀስታ ከተማ ዳር የሚኖሩ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በውትድርና ኖረው እያነከሱ የተመለሱ። ከመወሰኔ በፊት ያየ ሰው ልጠይቅ ብዬ ለማንም ሳልናገር ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ደጃፋቸው ላይ በግ ሲሸልቱ ደረስኩ። ሰላምታዬን ሳይመልሱ ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ማንም አልላከኝም፣ ልመዘገብ አስቤ ነው አልኳቸው። ግቢም ሳይሉኝ በጉን እንድይዝ አዘዙኝ። ያዝኩላቸው። ስለ ጥይቱ፣ ስለ ስልጠናው፣ ሴት ልጅ እዚያ ስለሚገጥማት ነገር ጠየቅኋቸው። ጥይት መርጦ አይመታም፣ ስልጠናውም ያልፋል አሉ። ስለ ሴቶቹ ግን ያዩትን እንዳላስወራቸው ተቆጡኝ። ከዚያ መቀሱን ይዘው ቀና አሉ።

"ስለ ራስሽ ብቻ ነው የምትጠይቂ። አገሬው ወታደር በጠላበት በዚህ ጊዜ አንቺ ልብሱን ብትለብሺ እናትሽን የትኛው ጎረቤት ይጠጋታል? እኔን ሰው ሲያየኝ መንገድ ቀይሮ ነው የሚያልፈው።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ሄዱ?" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"ተው የሚለኝ ስላልነበረ። በይ አሁን ሰው ሳያይሽ ሂጂልኝ።"

እስከ መካነ ሰላም ድረስ በሆዴ ስሰድባቸው መጣሁ። የራሴን ሞት ብዙ ጊዜ አስቤው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ብዙም አይከብድም። እናቴ ቦኖ ላይ የውሃ ወረፋ ስትጠብቅ ሴቶቹ ጀርባቸውን ሲሰጧት ሳስብ ግን አልቻልኩም።

አልተመዘገብኩም፤ ሳዑዲም አልሄድኩም። ስፌት ተምሬ አሁን ገበያው አጠገብ እሰፋለሁ። ከእህቴ ጋር ከዒድ ሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም። አጎቴን በኋላ ሰርግ ላይ አግኝቼ ሳልመዘገብ መቅረቴን ስነግራቸው ፊታቸውን አዙረው ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ቀጠሉ። ያሉኝ ነገር እውነት ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ አልወደድኳቸውም።