የእናቴ ስም በአጎቴ መታወቂያ

አጎቴን አልወደውም። ይህን መጀመሪያውኑ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ ላይ ሚዛናዊ መስዬ ላታልል አልፈልግም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቢሮ የሚሠራ፣ በጋምቤላ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው።

እናቴ እዚያው ጋምቤላ፣ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላት። አባቴ ከሞተ በኋላ ከግቢው ማንጎ ዛፎች አጠገብ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ያሠራቻቸው እሷ ናት። ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚመጣ፣ ከዘመዶቿ አገር ከማታር ለሕክምና የሚወጣ፣ ሁሉም እሷ ጋ ያርፋል፤ ቤቱንም የሚጠሩት በእሷ ስም ነው። የኢንተርኔት ሳይት እንሥራለት ያልኩት እኔ ነኝ። አድራሻውም የእሷ ስም እንዲሆን ፈለግሁ።

ያ አድራሻ ዶሜን ይባላል። አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ይታደሳል። በስምህ መዝግቦ የሚይዝልህ ድርጅት ደግሞ ሬጅስትራር ነው። ይህን ሳስረዳት እናቴ አሳ ማጽዳቷን አቆመች።

«የገዛ ስሜን ነው የምከራየው?»

«አዎ እማ።»

«ባላድሰውስ?»

«ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

መብራት በመጣ ቁጥር እያነበብኩ አንድ የውጭ ሬጅስትራር መረጥኩ። ስሙን ይቆልፋል፤ ባለቤቱ በስልኩ የሚደርሰውን ኮድ ካላስገባ ማንም ወደ ሌላ ሊያዛውረው አይችልም። የማደሻውን ዋጋም ከመጀመሪያው ይናገራል፣ እንደሌሎቹ በርካሽ አስገብቶ በሁለተኛው ዓመት አንገት አያንቅም። ለውጭ ክፍያ የሚሆን የባንክ ካርድ ያላት ጓደኛዬ ልትከፍልልኝ ተስማምታ ነበር። ነገር ግን በእኛ ቤት ሥራው የሴት፣ ወረቀቱ የወንድ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የውሃው ውልም፣ የመብራት ቆጣሪውም በአጎቴ ስም ነበር። ስለዚህ አጎቴ ተጠራ።

«ቢሮው የት ነው?» አለኝ።

«ውጭ አገር።»

«ሰውየውን የሚያውቀው ማነው?»

«ሰውዬ የለውም፤ ድርጅት ነው።»

«ዋስ የሌለው ድርጅት!» ወደ እናቴ ዞረ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ እህቴ። ስምሽን ለማናውቀው አንሰጥም።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ተረቱ እውነት ነበር፤ በእሱ አፍ ነው የማያምረው። ለሚስት ዘመድ፣ ለብድር ዋስ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለኮምፒውተር ጠይቆ ረታኝ።

መሀል ከተማ ስልክ የሚሸጥ፣ ለነጋዴዎችም ዶሜን የሚያስመዘግብ ባለሱቅ አለ። አባቱ ከወሎ መጥተው እዚህ የቀሩ፣ ቀልድ የማያውቅ ሙስሊም ነው። አጎቴ የመረጠው እሱን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ፊቱን ስለሚያውቀው ብቻ።

ሦስታችንም ሄድን። ባለሱቁ «በማን መታወቂያ ልመዝግበው?» ሲል የእኔን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አጎቴ የራሱን ከላዩ ላይ አስቀመጠበት።

«በእሱ ይሁን» አለች እናቴ።

ባለሱቁ ሁለቱንም መታወቂያ ትቶ እሷን አያት። «እናቴ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት። ባለቤቱ መታወቂያው የተመዘገበው ሰው ነው። ነገ ተጣልተው ቢመጡ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ወንድሜ ነው እኮ።»

«እሺ፣ እናቴ።»

ጥሩ ጊዜ አሳለፍን። ስልኩ ይጠራል፣ ክፍሎቹ ይሞላሉ። ከዚያ አጎቴ በመንገድ በኩል ያለውን የግቢውን ፊት ሱቅ ልሥራበት ብሎ ጠየቀ። እናቴ እምቢ አለች፤ መሬቱ የልጄ ነው አለችው። አልጮኸም። ውሃውን ጠጥቶ፣ «እሺ፣ እህቴ» ብሎ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ስልካችን ዝም አለ። ሳይቱን ከፈትኩት። አናቱ ላይ የእናቴ ስም አለ። እናቴም ራሷ አለች፤ በር ላይ ቆማ ስትስቅ፣ ያነሳኋት እኔ። ስልክ ቁጥሩ ግን የአጎቴ ነው፤ ክፍሎቹም ወንዙ አጠገብ የተከራየው ቤት ክፍሎች ናቸው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይሄኛው በበላበት ነከሰ።

ባለሱቁ ጋ ሮጥኩ። የአጎቴ ስም የተጻፈበትን ስክሪን ወደ እኔ አዞረልኝ። «እህቴ፣ ነግሬያችሁ ነበር» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። የሚሰደብ ሰው አጣሁ።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን እናቴ ማድ ቤት እያለች የለቅሶ ድምፅ መንደሩን ሞላው። ከማታር የመጡ የአጎቷ ልጆች ናቸው፤ ነጠላቸውን አሸርጠው ደረታቸውን እየደቁ በበራችን ገቡ። እናቴ እጇን እየጠረገች ወጣች። ፊት የነበረችው ሴትዮ ስታያት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሞተች ብለውን ነው እኮ!»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። አጎቴ ቤት ያደረ የማታር ሰው ፎቶዋን አይቶ፣ ሴትዮዋስ የት ናት ብሎ ጠይቋል። አጎቴም፣ አርፋለች ብሎታል። ሰውየው ወሬውን ይዞ ተመለሰ።

እዚያው በሁሉም ፊት ደወልኩለት፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አደረግሁት።

«እንግዳ ሁሉ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አለ። «ለሥራ ነው። አታጋኚው።»

ሴቶቹ እንባቸውን መጥረግ ጀመሩ፤ አንዷማ ከድንጋጤዋ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

«ተቀመጡ» አለቻቸው። «ለቅሶውን አታቁሙት። ወንድም ሞቶብኛል።»

ምንጣፍ አነጠፍን። ጎረቤት መጣ፤ መዘምራኑም መጡ። የትኛው ወንድምሽ ነው ሲሏት፣ «አንድ ነው የነበረኝ» ትላለች። ማንም አልተከራከራትም። ሊመሽ ሲል አጎቴ ሸሚዙን እንደቆለፈ ከባጃጅ ወረደና በሩ ላይ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ማንም አልተነሳለትም።

እናቴ ድምፅዋን እንኳ አልቀየረችም። «እንግዳ መጥቷል» አለችኝ። «ክፍል የለንም በዪው።»

በሩ ድረስ ሄጄ አልኩት፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።