ጫጩት የታቀፈው አውቶቡስ

ገለቴ ኢተፋ የመናገሻ ገበሬ ልጅ ነበረች። በ1960 ዓ.ም. ከእርሻ ትምህርት ቤት እንደወጣች የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆና ሰበታ ተመደበች። በየገጠሩ ስትዞር ያየችው ነገር እንቅልፍ ነሳት። ማሳው ለምለም ነው፤ የሕፃናቱ ፀጉር ግን ሳስቶ ቀልቷል፣ እግራቸው አብጧል። ወተቱም እንቁላሉም በማለዳ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል።

«ለአንድ ልጅ በቀን አንድ እንቁላል ብቻ!» እያለች አለቃዋን አቶ ዓባይነህን ወጥራ ያዘቻቸው። አቶ ዓባይነህ ኮስታራ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም መረታታቸው አልቀረም። ብዙ እንቁላል የሚጥሉ የፈረንጅ ዶሮ ጫጩቶች እንዲገዙ፣ ሰበታ በተሠራው የዶሮ ቤት እንዲያድጉና ኋላ ለገበሬው እንዲታደሉ አስፈቀዱ።

ጫጩቶቹን ለማምጣት በተቀጠረው ቀን የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሸ። ገለቴም ካርቶኖቿን አቅፋ አዲስ አበባ ላይ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ያወርደዋል። ሾፌሩ ጃራ ካርቶኖቹን ከላይ ልጫናቸው ሲላት፣ «ከእነሱ ጋር እኔንም ጫነኝ!» ብላ ከአጠገቧ ደረደረቻቸው።

ዓለም ገና ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አውቶቡሱ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም። ጣሪያው ሲያንጠባጥብባቸው የቆዩት ካርቶኖች ግን ወድቀው ተቀደዱና ቢጫ ጫጩት በየወንበሩ ሥር ፈሰሰ።

«ማንም እግሩን እንዳያነሳ!» ብሎ ጮኸ ጃራ።

አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ባለበት ደረቀ። ከዚያ የአንዷ ሴት ቀሚስ ውስጥ ጩ-ጩ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሴትየዋ ዘላ ስትነሳ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ሰው በጉልበቱ እየዳኸ ለቀማውን ተያያዘው። ገለቴ ግን መሳቅ አልቻለችም። ጫጩቶቹ ረጥበው ይንቀጠቀጣሉ።

«ሙቀት ካላገኙ አሁኑኑ ያልቃሉ» አለች።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የዓለም ገናው ገበሬ ኦቦ ባጫ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። «አምጪያቸው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እኔ ዘንድ ሙቀት ሞልቷል።»

እሳቸውን አይቶ ሌላውም ተከተለ። ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ማሪቱ በደረታቸው ሸጎጡ፤ ጃራ በቆቡ ያዘ፤ አንድ ፖሊስ የካፖርቱን ቁልፍ ፈትቶ፣ «እዚህ አራት ይበቃል» አለ። ከባድ መኪና መጥቶ ጎትቶ እስኪያወጣቸው ድረስ መንገደኛው ሁሉ ጫጩት ታቅፎ ተቀመጠ። እትዬ ማሪቱ በሳቅ እንባቸው እየወረደ፣ «አታስቁኝ፣ እባካችሁ! ስስቅ ይነቃሉ!» ይላሉ።

ዓለም ገና ሲደርሱ ገለቴ ለመረከብ ወደ ኦቦ ባጫ ሄደች።

«ተኝተዋል እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «እንዴት ልቀስቅሳቸው?»

«ኦቦ ባጫ፣ የመንግሥት ናቸው!»

«የመንግሥት ቢሆኑም ተኝተዋል።»

ገለቴ የቀሩትን መንገደኞች ዞር ብላ አየች። ሁሉም ልብሱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ያኔ ያልታሰበ ደስታ ከሆዷ ተነስቶ አጥለቀለቃት። ለዚህ ሕዝብ ዶሮ አርቡ ብላ ስትለምን አልነበር የከረመችው!

«ይውሰዷቸው» አለች። «ግን መጥቼ አያለሁ። መጀመሪያ የሚጣለው እንቁላል ደግሞ ለልጅ ነው፤ ለገበያ አይደለም። ይማሉልኝ!»

ኦቦ ባጫ ማሉ። አውቶቡሱም በሳቅ እያውካካ አብሮ ማለ።

ሰበታ ስትደርስ አቶ ዓባይነህ በር ላይ ቆመው ነበር። «ጫጩቶቹስ?»

«ሰው ቤት ገቡ፣ ጌታዬ።»

አቶ ዓባይነህ ፊታቸው ጠቆረ። በማግስቱ «ቀድመሽ ምሪኝ» ብለው ለቀማ ወጡ። ኦቦ ባጫ ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ጫጩቶቹን ምድጃ አጠገብ በቅርጫት አድርገው፣ ትንሿ ልጃቸው የተፈጨ በቆሎ ስታበላ አገኟቸው። ልጅቱ ፀጉሯ የሳሳ፣ ቀጭን ናት። አንዷን ጫጩት አንስታ በእንግዳው መዳፍ ላይ አኖረችላቸው። አቶ ዓባይነህ ሊመልሱላት እጃቸውን ዘረጉ፤ ጫጩቷ እዚያው ተጠቅልላ ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ዓባይነህ በሌላው እጃቸው ከለሏት። ኋላም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ጭልፊት አለ እዚህ?» ብለው ጠየቁ።

«ሞልቷል፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ቆጥ እንሥራላቸዋ!» አሉና ኮታቸውን አወለቁ።

ሁሉም አልተረፉም፤ ጭልፊትም ብርድም ድርሻውን ወሰደ። የተረፉት ግን በየግቢው ነጭ ዶሮ ሆኑ። ነጋዴዎች ለእንቁላሉ ደህና ዋጋ ሲሰጡ መሐላውን የረሱ ነበሩ፤ ገለቴ በየቤታቸው እየሄደች፣ አንዳንዴ እየተቆጣች፣ አንዳንዴ እያሳቀች አስታወሰቻቸው።

ከፋሲካ በኋላ ገለቴ ወይዘሮ ተረፈች ቤት ስትደርስ ለልጅቱ የተቀቀለ የመጀመሪያ እንቁላል ጠበቃት። ልጅቱ ላጠችው፤ ነጩን ገመጠች፤ ቢጫው ሲወጣ ደንግጣ እናቷን አየች፤ ከዚያ አፏን ሞልታ ዋጠችው።

«ሌላ አለ?» አለች።

ወይዘሮ ተረፈች እልል አሉ። ገለቴ ልጅቱን አንስታ ግቢውን በሩጫ ዞረች። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ከፊቷ ሲበታተኑ፣ ልጅቱ በትከሻዋ ላይ ሆና «ድገሚው! ድገሚው!» ትላት ነበር።