ቧንቧችሁን ዝጉልኝ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ አይዘጋም። ይከፈትና ከሥሩ ሳፋ ይቀመጣል። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱን ግን ማንም አያውቅም። መጀመሪያ ቧንቧው ፍስስ ይላል፣ ከዚያ ሳፋው ይንጣጣል፣ ቤተሰቡም ጀሪካን ይዞ ይነሳል። ካመለጠ አመለጠ ነው።

እኔ ነኝ ያልኩ ጀግና ሰዉን ከዚህ ጣጣ ልገላግል ተነሳሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር። ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ ውሃ ሲመጣ በግፊቱ አውቆ ስልክ ላይ የሚደውል መሣሪያ ሠራሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ማዕከል አለው፤ እዚያ የገባ ሰው የሥራ ቦታና መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ የሠራውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ለመግቢያው የመጨረሻ ፈተና መሣሪያው ሰው በሚጠቀምበት ቦታ ይታይ ተባለ። ቦታው እንግዲህ የእኛው ቤት ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ፤ ምሳዬን እንኳ ቆሜ ነበር የምበላው።

መሣሪያውን በራችን አጠገብ በሚያልፈው የደረጃው ዋና ቧንቧ ላይ ገጥሜ ሞከርኩት። ውሃ መጣ፣ ብሎኩ በጀሪካን ተተራመሰ፣ የእኔ ስልክ ጭጭ! ለካ ከታች እስከ ላይ የሁሉም ቧንቧ ክፍት ነው። ውሃው ዝም ብሎ እየፈሰሰ ግፊት ከየት ይምጣ? ነገሩን ስነግረው የዩኒቨርሲቲው አማካሪዬ ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ "ሌላ ሴንሰር አድርጊበት፤ ሰዉ ልማዱን አይተውልሽም" አለኝ። በሸቅኩ። ሌላ ሴንሰር ማለት ሥራውን እንደገና መጀመር ነው፤ የማዕከሉ ገምጋሚዎች ደግሞ ቅዳሜ፣ በውሃ ቀናችን፣ ይመጣሉ። "አስዘጋቸዋለሁ" አልኩት።

በየበሩ ዞርኩ። "እባካችሁ ለቅዳሜ ብቻ ቧንቧችሁን ዝጉልኝ፣ ሲመጣ እኔ ራሴ እነግራችኋለሁ።" አንደኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ፣ "ተምረሽ ተምረሽ ውሃ ልታስዘጊን መጣሽ?" ብለው አላገጡብኝ። ግን እሺ አሉ፤ ሁሉም እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ግንባሬን ስማ፣ "አይዞሽ፣ በጸሎት ይዤዋለሁ" አለችኝ። ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ጸለይኩ ካለች ጸልያለች። የእኛን ቧንቧ አይኔ እያየ ዘጋች። ወርጄ የየቤቱን አረጋገጥኩ። አማካሪዬና ሁለት ገምጋሚዎች መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አማካሪዬ፣ "ኧረ ቁጭ በይ፣ ራሴን አዞርሽው!" አለ።

እንደዚያ ስንጠብቅ ከኩሽናችን ፍስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሳፋው ተንጣጣ። ስልኩ ዝም።

ሮጥኩ። እማዬ ሳፋው አጠገብ ቆማለች።

"እማዬ! ዘግተሽው አልነበረም?"

"ዘግቼው ነበር። ኋላ ከፈትኩት።"

ተከትላኝ የገባችው ገምጋሚ፣ "እናቴ፣ ልጅዎን አላመኗትም እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት።

"እሷንማ አምናታለሁ፣ የኔ ልጅ። ውሃውን ነው የማላምነው።"

አማካሪዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። "በሉ አሁን ይዝጉትና እንየው" አለች ገምጋሚዋ። እማዬ ሳፋውን አየችው፣ ግማሽ ነው። "ይሙላልኝና" አለች። ምን ይደረጋል፣ ተሰብስበን ሳፋ እስኪሞላ ጠበቅን! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሞላ፣ ዘጋችው፣ ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ቤቱን በጩኸት አናጋው። "ሃሌ ሉያ!" ብላ አጨበጨበች፣ ብቻዋን። እኛ ውሃ መምጣቱን ካወቅን ቆይተናል።

እንግዶቹን ልሸኝ ወጣሁ። ለጎረቤት ቃል ገብቻለሁና ደረጃውን ስንወርድ በየበሩ እያንኳኳሁ "መጥቷል! መጥቷል!" እላለሁ። ገምጋሚዋ እያየችኝ ትወርዳለች። ታች ስንደርስ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ "እናትሽን ማስዘጋት ካቃተሽ አዲስ አበባን እንዴት ልታስዘጊው ነው?" አለችኝ።

ማዕከሉ እንዳመለጠኝ ያኔ ገባኝ። እንባዬ መጣ፤ ልከራከር አፌን ስከፍት ከአራተኛ ፎቅ የእማዬ ድምፅ ወረደ፦ "ኧረ ነይ እንጂ፣ ሳይሄድብን በርሜሉን እንሙላ!" ቻው እንኳ ሳልላቸው ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።