ይቅርታ ይጠይቁ አልኳቸው

ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ላውንደሪ ውስጥ የሠራተኞች ማኅበር ተወካይ ነበርኩ። አንድ በጋ፣ ሁላችንም "እናታችን" የምንላቸው አንጋፋ ሠራተኛ በቀን የተመደበላቸውን አንሶላ ተኩሰው መጨረስ አቃታቸውና አለቃው ለቅጣት ጠራቸው። መብራት በየቀኑ እየጠፋ በምን ይተኩሱ?

ምን ልበል ብለው ጠየቁኝ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ጽፈን እንያዝ፣ ያልገባዎት ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ ማለት ነበረብኝ። ተወካይ እንጂ አስታራቂ ሽማግሌ አልነበርኩም! እኔ ሞኙ ግን "አጥፍቻለሁ ብለው ይቅርታ ይጠይቁ፣ ያልፋል" አልኳቸው። እኛ ዘንድ ያላጠፋም ሰው ለሰላም ሲል ይቅርታ ይላል፤ ትልቅ ሰው ይቅርታ ከጠየቀማ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

እንዳልኳቸው አደረጉ። አለቃው ቃላቸውን በፈረንሳይኛ ጽፎ አስፈረማቸው። "ጥፋቷን አምናለች" ይላል ወረቀቱ። በሳምንቱ ከሥራ ተባረሩ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ካርቲየ 5 ሰፈር፣ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ቀደሙኝ።

"ይቅርታ ልጄ" አሉኝ፣ "አሳፈርኩህ።"